የማኅበረሰብ አጸደ ሕፃናት ጥራት በምን ይመዘን?

የደምበጫ እናት | ማክሰኞ ምሽት

ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች ሰላምታዬን አስቀድማለሁ።

በቀበሌያችን ወላጆች ተባብረን ያቋቋምነው አጸደ ሕፃናት አለ። ክፍሉ በደቦ የተሠራ የጭቃ ቤት ሲሆን፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ የገዛነው በቆሎ በተሸጠበት ወቅት በየአባወራው አዋጥተን ነው። አንዲት አመቻችና አንዲት ሞግዚት አሉን፤ ልጆቹ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ናቸው። እኔ ከወላጅ ኮሚቴው አባላት አንዷ ስለሆንሁ፣ በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የሚነሣውን ክርክር አስቀድሜ እዚህ አቅርቤ ልምድ ካላቸው ሰዎች ለመስማት ፈልጌአለሁ።

ከወላጆቹ ገሚሶቹ «ልጆቻችን ሲጫወቱ ውለው ይመለሳሉ እንጂ የሚማሩት ነገር የለም» ይላሉ። በከተማ፣ ክፍያ በሚጠየቅባቸው መዋዕለ ሕፃናት የሚማሩ የዘመድ ልጆች የእንግሊዝኛውን ፊደል ከዳር እስከ ዳር ሲወርዱት፣ ደብተራቸው በእርማት ተሞልቶ ሲመጣና በሰኔ ወር ደረጃ የወጣበት ካርድ ሲቀበሉ አይተዋል። ስለዚህ ለእኛም ልጆች ፈተና ይዘጋጅ፣ ደረጃ ይውጣ፣ እንግሊዝኛ ይጨመር፣ ያጠፋም ይቀጣ የሚል ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ይህን የሚሉት ልጆቻቸውን ስለሚወዱና ነገ አንደኛ ክፍል ሲገቡ ከሌሎች እንዳያንሱባቸው ስለሚሰጉ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስጋታቸውን አቃልዬ አላየውም።

በእኔ እምነት ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ከልጆቹ ጋር የምትውለው ሰው ማን ናት፣ እንዴት ታናግራቸዋለች፣ እያንዳንዱን ልጅ ታውቀዋለች ወይ፣ በሚቀጥለው ዓመትስ አብራቸው ትኖራለች ወይ የሚለው ነው። ይህን ስል «ታዲያ እሱን በምን እንለካዋለን?» ብለው ይጠይቁኛል፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። ደብተር ቢሆን ገልጠው ያዩታል፤ አንዲት አመቻች ከሕፃን ጋር ያላትን አያያዝ ግን እኛ ገበሬዎች ወደ ክፍሉ ገብተን በምን ዓይን እንየው? ኮሚቴያችን አንድ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ቢቀመጥ ምን ምን ነገር ልብ ብሎ መመልከት እንዳለበት ብትነግሩኝ ትልቅ እርዳታ ይሆነኛል።

ጡረተኛ መምህር (ደብረ ማርቆስ) | ማክሰኞ ምሽት

እህቴ፣ ጥያቄሽ የቆየ ነው፤ መልስ የሌለው ግን አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንኳ የአጸደ ሕፃናትን ዓላማ የገለጸው ልጁን በሁለንተናዊ ዕድገቱ አዘጋጅቶ ለመደበኛው ትምህርት ማብቃት ነው በማለት ነበር። ሁለንተናዊ ሲባል አካሉ፣ አንደበቱ፣ አእምሮውና ከሰው ጋር መኖሩ በአንድነት ማለት ነው። ፈተናና ደረጃ ከዚህ ውስጥ ምንም ቦታ የላቸውም፤ አምስት ዓመት የሞላውን ልጅ «ሠላሳ ሁለተኛ ወጥተሃል» ማለት ትምህርት ከጅምሩ የሚያሳፍር ነገር መሆኑን ማስተማር ነው።

ስለ ፊደሉ ደግሞ በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ ያየሁትን ልንገርሽ። አንደኛ ክፍል ከሚገቡት ልጆች መካከል ሰሌዳው ላይ ያለውን ፊደል ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለምንም ስሕተት በዜማ የሚወርዱ ነበሩ። ከመካከል «ቤ»ን ለብቻዋ ጽፌ ይህች ማን ናት ብዬ ስጠይቅ ግን ልጁ ዝም ይላል፤ ወይም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከ«በ» ጀምሮ በጣቱ እየቆጠረ ይደርስባታል። 33ቱን ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት፣ በድምሩ 231 ሆሄያትን፣ የያዘው በመልካቸው ሳይሆን በተራቸው ነው። ወላጁ ግን ልጁ ሲወርድ ሰምቶ ማንበብ የጀመረ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ የቄስ ትምህርት ቤቱን ሥርዓት ማንሣት እወዳለሁ፤ እኛ ጎጃሞች በቤተ ክህነት ትምህርት የታወቁት የእነ ዲማና የእነ ዋሸራ አገር ሰዎች ስለሆንን ነገሩ ከቤታችን የራቀ አይደለም። የኔታ ልጁ ሀሁን በተራ ከወረደ በኋላ ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል። በአቡጊዳ ፊደሉም ቤቱም በአንድ ጊዜ ይለዋወጣሉ፤ አ ከግዕዝ፣ ቡ ከካዕብ፣ ጊ ከሣልስ፣ ዳ ከራብዕ እያለ ስለሚሄድ ልጁ ተራውን ይዞ ማምለጥ አይችልም፤ እያንዳንዷን ሆሄ በመልኳ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። ደግሞም ከየኔታ ወይም ከበላዩ ካለ ተማሪ ፊት ብቻውን ቀርቦ፣ ጣቱን ወይም ስንደዶውን ፊደሉ ላይ አድርጎ ያነብባል። አባቶቻችን በጅምላ ጩኸት ላይ አልተማመኑም። ዛሬ ብዙ አጸደ ሕፃናት ከዚያ ሥርዓት የወረሱት ዜማውን ብቻ ነው፤ አቡጊዳውንና አንድ በአንድ መስማቱን ትተውታል።

እንግዲህ ኮሚቴያችሁ ክፍሉ ውስጥ ሲቀመጥ የመጀመሪያው የሚመለከተው ነገር ይህ ይሁን፦ አመቻቿ በአንድ ጠዋት ውስጥ ስንቱን ልጅ ለብቻው ታናግረዋለች? ልጆቹስ ከመድገም በቀር የራሳቸውን ቃል የሚናገሩበት ጊዜ አላቸው?

የቋሪት አባት | ረቡዕ ጠዋት

መምህር፣ የተናገሩትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም የእኛን የወላጆችን ችግር በበቂ ያዩት አልመሰለኝም።

የበኩር ልጄ አንደኛ ክፍል ሲገባ በአንድ ክፍል ውስጥ ከ80 በላይ ልጆች ነበሩ። መምህሩ ሰውን የማይንቅ ትጉህ ሰው ነው፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ልጅ አንድ በአንድ ሊያስቆጥር አይችልም፤ ፊደል ቆጥረው የመጡትን ይዞ ነጎደ። የእኔ ልጅ ከኋላ ቀረ፤ እስከ ሦስተኛ ክፍል ድረስም አንብብ ሲባል ጎረቤቱን እያየ ይናገር ነበር። ስለዚህ ታናሹ ፊደል ቆጥሮ እንዲገባ እፈልጋለሁ። ጨዋታ በቤቱም በመስኩም ሞልቶታል፤ ጥጃ እየጠበቀ ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት ይውላል። መዋጮ የማዋጣው በቤቱ የማያገኘውን እንዲያገኝልኝ ነው።

ስለ ቅጣትም በግልጽ ልናገር። እኛ በአለንጋ ተምረን ሰው ሆነናል። ጭራሹን የማይቀጣ ልጅ ለወላጁም ለአገሩም አይሆንም የሚለው የአባቶቻችን አስተያየት ከንቱ ነው ብዬ ለመቀበል ይቸግረኛል።

አመቻች ነኝ (ሰከላ) | ረቡዕ ከሰዓት

እኔ ራሴ በማኅበረሰብ አጸደ ሕፃናት አመቻች ሆኜ ስለምሠራ ጥያቄው በቀጥታ ይመለከተኛል። የቋሪቱ ወንድሜ ስለ ጨዋታ ያነሡትን በተመለከተ የክፍላችንን ውሎ ብገልጽላቸው ይሻላል።

ጠዋት ልጆቹ ሲመጡ በር ላይ ቆሜ እያንዳንዱን በስሙ ጠርቼ፣ እጁን ጨብጬ ነው የማስገባው። ይህን የማደርገው ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ያተኮሰው ልጅ በእጁ ይታወቀኛል፣ ያለቀሰው በዓይኑ፣ ቁርስ ያልበላው ደግሞ በዝምታው ይታወቀኛል። ክፍላችን ወንበር የለውም፤ በእበት የተለቀለቀ ወለል ላይ ሰሌን እናነጥፋለን። በአንዱ ጥግ ባቄላ፣ የበቆሎ ፍሬ፣ ቆርኪና ጠጠር በየቅርጫቱ አለ፤ በሌላው ጥግ ከሸክላ አፈር የሠራናቸው ጀበናና ስኒዎች አሉ።

በእሸት ጊዜ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ከበቆሎ ራስ ላይ ፍሬ እየፈለፈለ በመደዳ ሲደረድር አጠገቡ ተቀመጥሁ። «ስንት ፍሬ አለህ?» አልሁት። «አምስት» አለኝ። «ለጓደኛህ ሁለት ብትሰጣትስ?» አልሁት። ሁለቱን ወደ እርሷ ገፋና የቀሩትን በጣቱ እየነካ «ሦስት» አለ። ከዚያም እኔ ምንም ሳልጠይቀው ጥቂት አሰበና «ከመለሰችልኝ ግን እንደገና አምስት ነው» አለኝ። ይህ ልጅ እስከ መቶ መቁጠር አይችልም ነበር፤ ነገር ግን መደመርና መቀነስ አንዱ የሌላው መመለሻ መሆኑን በገዛ እጁ ደርሶበታል። እስከ መቶ በዜማ የሚቆጥሩ፣ ሰባት ባቄላ አምጡ ሲባሉ ግን እፍኝ ሙሉ የሚያመጡ ልጆች አሉ። ወንድሜ፣ ልጅዎ መስክ ላይ የሚጫወተው ጨዋታ መልካም ነው፤ ክፍል ውስጥ የሚለየው ግን አጠገቡ ተቀምጣ ያችን አንዲት ጥያቄ የምትጠይቀው ሰው መኖሯ ነው።

ሌላም ልጨምር። አንዲት ልጅ ከመጣች ጀምሮ ለብዙ ሳምንታት አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ቆየች። አንዳንድ ሰዎች ዲዳ ናት ብለውኝ ነበር። አላስገደድኋትም፤ በየቀኑ በስሟ እጠራታለሁ፣ አጠገቤ አስቀምጣታለሁ፣ ሌሎቹ ስለ እርሷ እንዲናገሩላት አልፈቅድም። አንድ ቀን ከሸክላው ጀበና አጠገብ ተቀምጣ ለሌሎቹ ልጆች ስኒ እያደለች «አቦል ደርሷል፣ ኑ ቡና ጠጡ» አለች። ከዚያን ቀን ወዲያ ዝም ማሰኘቱ ነው ያስቸገረን። በፈተና ብለካት ኖሮ ዜሮ ነበር የምሰጣት።

የፊደሉን ነገር አልቃወምም። እኛም ፊደል እናስቆጥራለን፤ ነገር ግን ከራሳቸው ስም እንነሣለን። እያንዳንዱ ልጅ የስሙ የመጀመሪያ ሆሄ የተጻፈበት የካርቶን ቁራጭ አለው፤ ጠዋት ሲገባ ከብዙዎቹ መካከል የራሱን መርጦ በምስማሩ ላይ ይሰቅለዋል። ትንሽ ቆይቶ የጓደኞቹንም መለየት ይጀምራል።

የደምበጫዋ እህቴ፣ «በሚቀጥለው ዓመትስ አብራቸው ትኖራለች ወይ?» ያልሽው የነገሩ ሥር ይመስለኛል። የእኔ ክፍያ ከወላጆች መዋጮ ነው የሚመጣው። ከኅዳር እስከ ጥር፣ እህል ተወቅቶ ወደ ገበያ በሚወጣበት ጊዜ፣ ይከፈለኛል፤ ከመጋቢት በኋላ የወላጆች እጅ ሲያጥር ክፍያው ይቆራረጣል፤ በሰኔ ማዳበሪያ ሲገዛ ደግሞ ጨርሶ ይረሳል። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ በዚሁ ምክንያት በዓመቱ አጋማሽ ሥራውን ትታ ወደ ባሕር ዳር ሄደች። እኔ ስተካ ልጆቹ አንድ ወር ያህል እጄን አልጨበጡኝም፤ በር ላይ ቆመው እርሷን ይጠይቁኝ ነበር። የለመዱትን ሰው ማጣት ለአራት ዓመት ልጅ ቀላል ነገር አይደለም፤ በእርሷ የተጀመረው ሁሉ ከእርሷ ጋር ይሄዳል።

ጡረተኛ መምህር (ደብረ ማርቆስ) | ረቡዕ ምሽት

ልጄ፣ ተባረኪ። ከብዙ ሥልጠና የተሻለ ነገር ነው የጻፍሽው።

ለቋሪቱ ወንድሜ ስለ ቅጣቱ አጭር መልስ አለኝ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1 (ሠ) ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ ኮሚቴው አለንጋን በድምፅ ብልጫ ሊፈቅድ አይችልም። ሕጉን ትተን ትምህርቱን ብቻ ብናይ እንኳ፣ አመቻቿን የሚፈራ ልጅ አይጠይቃትም፤ ያልገባውን ይሸሽጋል፤ ሽንቱ ሲመጣ እንኳ ሳይናገር ልብሱ ላይ ይሸናል። ሥርዓት ያስፈልጋል፣ እስማማለሁ፤ ሥርዓትን ግን ተራ በመጠበቅ፣ ዕቃን ወደ ቦታው በመመለስ፣ የመታውን ልጅ ካስለቀሰው ጋር አስታርቆ በማስጨበጥ ይማሩታል። ልጅዎ እስከ ሦስተኛ ክፍል ጎረቤቱን እያየ ያነብብ የነበረው ምናልባት አላወቅሁም ማለትን ስለ ፈራ እንደሆነ ያስቡበት።

የጤና ባለሙያ (ፍኖተ ሰላም) | ረቡዕ ምሽት

ስለ ትምህርቱ የተባለው ጥሩ ነው፤ እኔ ስለ እንክብካቤው እጨምራለሁ፤ በአካባቢያችን ሁኔታ ሁለቱ ፈጽሞ የሚነጣጠሉ አይደሉም።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል 46 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። ጎጃም እህል የሚተርፍበት አገር ሆኖ ሳለ ልጆቻችን የሚቀነጭሩት በአብዛኛው ምግቡ ከአንድ ዓይነት እህል ስለማይወጣ፣ ወተትና እንቁላል ለገበያ እንጂ ለልጅ ስለማይቀር፣ በተቅማጥ የሚታመሙበትም ጊዜ ስለሚበዛ ነው። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ ከረፋዱ በኋላ ምንም ቢነገረው አይሰማም። ስለዚህ ኮሚቴው ሲቀመጥ ልጆቹ ረፋድ ላይ ምን እንደሚበሉ ይመልከት፤ ንፍሮም ይሁን ድንች ወይም ቂጣ፣ ያልያዘ ልጅ ካለም ከሌሎቹ ጋር በፍትሐዊነት ይካፈላል ወይስ ጥግ ይዞ ያያል የሚለውን ያስተውል።

ሁለተኛው የዓይን ማዝ (ትራኮማ) ነው። ክልላችን በዚህ በሽታ ክፉኛ ከተጠቁት አንዱ ነው፤ በሽታውም በሕፃንነት ይጀምርና ሲደጋገም በጉልምስና ጊዜ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ የዓይን ብሌንን እየቧጨረ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው በእጅ፣ በጋራ ፎጣና በዝንብ ነው። በር ላይ ጀሪካን አንጠልጥሎ፣ ቀዳዳ አበጅቶና ገመድ አስሮ በእግር እየተረገጠ የሚፈስ መታጠቢያ መሥራት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ፊታቸው ከታጠበ በኋላ ግን አንዲት ሞግዚት በነጠላዋ ጫፍ ሁሉንም ተራ በተራ የምታብስ ከሆነ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል፤ በነፋስ ይድረቅላቸው።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጆሮ ነው። ጆሮው የሚመግል ልጅ በደንብ ስለማይሰማ «ፈዛዛ» ወይም «እምቢተኛ» ይባላል። አመቻቿ ከልጁ ጀርባ ቆማ በዝቅተኛ ድምፅ ስሙን ብትጠራው ዞር ይላል ወይ? የማይዞር ከሆነ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትየውና ወደ ጤና ጣቢያ ትላከው። የሰከላዋ እህቴ በር ላይ እጅ መጨበጧ ለእኔ እንደ ባለሙያ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚህ የተሻለ የጠዋት ምርመራ በገጠር አላየሁም።

መጸዳጃውንም አትርሱ። ለአዋቂ ተብሎ የተቆፈረ ሰፊ ቀዳዳ ለአራት ዓመት ልጅ ያስፈራዋል፤ አደጋም አለው።

የዳንግላ ወላጅ | ሐሙስ ጠዋት

እስካሁን ያልተነሣ አንድ ጉዳይ አለ። በእኛ በኩል፣ በአዊ፣ የብዙ ልጆች የቤት ቋንቋ አዊኛ ነው፤ በዞናችን የአንደኛ ደረጃ ትምህርትም በአዊኛ ይሰጣል። ሆኖም በአንዳንድ አጸደ ሕፃናት ልጆች ገና እንደ ገቡ አማርኛና እንግሊዝኛ ብቻ እንዲናገሩ ይደረጋሉ፤ ወላጁም ራሱ ይህን ይፈልጋል። ውጤቱ ግን ልጁ በአያቱ ቋንቋ የሚያውቀውን ተረት፣ እንቆቅልሽና የእህል ስም ሁሉ በር ላይ ጥሎት እንዲገባ ማድረግ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሐሳቡን የሚያወጣበት ቋንቋ ከተነጠቀ ዝም ይላል፤ ዝምታውንም ሰዎች እንደ አለማወቅ ይቆጥሩበታል።

እኔ በበኩሌ ልጄ አማርኛም እንግሊዝኛም እንዲያውቅ እመኛለሁ። ነገር ግን ማሰብን፣ መጠየቅንና ማስረዳትን አስቀድሞ በአፉ በፈታበት ቋንቋ ይልመድ፤ ሁለተኛው ቋንቋ በዚያ ላይ ይጨመርለታል። እንግሊዝኛን በሚመለከት ለደምበጫ ወላጆችም ተመሳሳይ ነገር እላለሁ፦ አመቻቿ ራሷ የማትናገረውን ቋንቋ ለልጆቹ ልታስተምር አትችልም፤ የምታስተምረው የፊደሉን ዜማ ብቻ ይሆናል። ያም ዜማ ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜውን ተረት ቢነገርበት፣ ልጆቹም ተረቱን መልሰው ቢናገሩት ይበልጥ ይጠቀማሉ።

የቋሪት አባት | ሐሙስ ከሰዓት

በትዕግሥት ስለ መለሳችሁልኝ አመሰግናለሁ። የስሙን ሆሄ መርጦ የሚሰቅለው ልጅ ነገር ደስ ብሎኛል፤ ፊደል የሚቆጠረው እንደዚያ ከሆነ ተቃውሞ የለኝም። ፊደል እስከ ጭራሹ አይነካ የምትሉ መስሎኝ ነበር። የአለንጋውን ነገር ገና በልቤ እያወጣሁ እያወረድሁት ነው፤ ሕጉን ግን ተቀብያለሁ።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። እንደ ሰከላዋ ያለች አመቻች ሁሉም ቀበሌ አያገኝም። በእኛ አካባቢ የተመደበችው አሥረኛ ክፍልን ያጠናቀቀች፣ ምንም ሥልጠና ያልወሰደች ወጣት ናት። ልቧ ቅን ነው፤ የሚያሳያት ሰው ግን የለም። መንግሥት ከዚህ ውስጥ የት ነው ያለው?

ሱፐርቫይዘር ነበርሁ (ቢቸና) | ሐሙስ ምሽት

ይህን ጥያቄ እኔ ልመልሰው፤ ለረጅም ጊዜ በጉድኝት ማዕከል፣ ማለትም ጎረቤት ትምህርት ቤቶች በአንድነት በሚደገፉበት ማዕከል፣ ሱፐርቫይዘር ሆኜ ሠርቻለሁ።

በ2002 ዓ.ም. ትምህርት፣ ጤና ጥበቃና ሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ አራት መሠረቶች ነበሩት፦ የወላጆች ትምህርት፣ የጨቅላ ሕፃናት ጤናና ማነቃቂያ፣ አጸደ ሕፃናት፣ እንዲሁም ታላላቆች ታናናሾቻቸውን የሚያዘጋጁበት ልጅ ለልጅ የተባለው መርሐ ግብር። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን በተግባር በገጠር በስፋት የተዳረሰው በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የተከፈተው የአንድ ዓመቱ ዜሮ ክፍል ነው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛ ደረጃን ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጆች የሁለት ዓመት ትምህርት አድርጎታል። ይህ ለእናንተ ለኮሚቴዎች ትልቅ መከራከሪያ ነው፤ አጸደ ሕፃናት በወላጆች በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ የሚንጠለጠል ተጨማሪ ነገር አይደለም፤ የትምህርት እርከኑ አካል ነው።

በተግባር እንዳየሁት፣ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ጋር ያልተያያዘ ማዕከል በወረዳው መዝገብ ላይ ስለማይሰፍር አመቻቿ ለሥልጠና አትጠራም፣ መጻሕፍትም አይደርሷትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ በኩል ማዕከሉን በአቅራቢያው ካለው ትምህርት ቤት ጋር በጽሑፍ ማያያዝና የልጆቹን ቁጥር በትምህርት ቤቱ ዓመታዊ መረጃ ውስጥ ማስገባት ነው። ይህ ሲሆን ርእሰ መምህሩ ተጠያቂ ይሆናል፤ የአንደኛ ክፍል መምህሩም በሰኔ ወር ወደ አጸደ ሕፃናቱ መጥቶ በመስከረም የሚቀበላቸውን ልጆች አስቀድሞ ማየት ይችላል። የቋሪቱ ወንድማችን ልጅ ከኋላ የቀረው፣ እንደ እኔ ግምት፣ ፊደል ባለማወቁ ብቻ ሳይሆን በሁለቱ መካከል ድልድይ ስላልነበረ ጭምር ነው።

ያልሠለጠነችውን ወጣት በሚመለከት፣ የሳምንት ሥልጠና ሰጥቶ ከመተው ይልቅ እንደ ሰከላዋ ያለች ልምድ ያላት አመቻች ክፍል ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት አብራ እንድትውል ማድረግ ይበልጥ ይለውጣታል። አንዲት ሰው እንዴት ጎንበስ ብላ ልጅን እንደምታናግር በወረቀት አይማሩትም። በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች አሉ፤ ለተግባር ልምምድ የሚወጡ ተማሪዎች በማኅበረሰብ ማዕከላትም እንዲመደቡ በወረዳው በኩል መጠየቅ ይቻላል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መቆየታቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ልቤ የሚያዝንበት ነገር ነው። በዚህ ጊዜ አንዳንድ መንደሮች ሕፃናቱን በአንድ ግቢ ሰብስበው ተረት እየነገሩና ፊደል እያስቆጠሩ ማቆየታቸው የሚያስመሰግን ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ የሩቁ ጥሩ ሕንፃ ከቅርቡ የጭቃ ቤት አይሻለውም፤ ክረምት ሲሆን ወንዝ ይሞላል፣ በሌላው ጊዜ ደግሞ መንገዱ ያሰጋል።

ስለ ክፍያው ግን ሳትሸሹ ተነጋገሩ። ሁሉም ስለ ጥራት ይናገራል፣ አመቻቿ ከመጋቢት በኋላ ምን እንደምትበላ ግን የሚጠይቅ ኮሚቴ ጥቂት ነው። መዋጮውን በየወሩ ከመልቀም ይልቅ ምርት በሚሰበሰብበት ጊዜ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ሰብስቦ፣ በዕድሩ ሣጥን ወይም በቁጠባ ተቋም አስቀምጦ፣ ለእርሷ ግን በየወሩ እኩል መክፈል ይሻላል።

የደምበጫ እናት | ዓርብ ጠዋት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተጻፈውን ለኮሚቴው አባላት ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። ከስብሰባው በፊት ሁለት ሁለት ሆነን በተለያየ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ለመቀመጥ ተስማምተናል። በር ላይ አቀባበሉን፣ አመቻቿ ለብቻው የምታናግረውን ልጅ፣ የረፋዱን ምግብ፣ መታጠቢያውንና መጸዳጃውን እናያለን፤ ያየነውንም ወላጆች ፊት እንናገራለን። ለአመቻቿም ለምን እንደምንመጣ አስቀድመን ነግረናታል፤ ስሕተት ለመልቀም እንዳልሆነ አውቃለች። የፊደሉን ነገር መምህር እንዳሉት ከተራው ወጥቶ አንድ በአንድ እንዲሆን እጠይቃለሁ።

ክፍያውን በምርት ጊዜ በአንድነት መሰብሰብ የሚለውን ሐሳብ ወላጆች የሚቀበሉት ይመስለኛል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ በብር ሳይሆን በእህል መስጠት ይቀላቸዋል። የሰከላዋ እህቴ፣ አንቺ ብትሆኚ በእህል ትቀበይ ነበር?

አመቻች ነኝ (ሰከላ) | ዓርብ ከሰዓት

እቀበላለሁ፤ ይሁን እንጂ ከፊሉ ብቻ በእህል ቢሆን ነው የምመርጠው። ምርት በሚገባበት ወር እህል ርካሽ ስለሆነ፣ ሁሉም በእህል ከተሰጠኝ ሳሙናና ልብስ ለመግዛት በዚያው በርካሹ ዋጋ መሸጥ ይኖርብኛል። ግማሹን በቆሎና ጤፍ፣ ግማሹን በየወሩ በብር ቢሆን እስከ ሰኔ ያደርሰኛል። መጠኑ በኪሎ ተጽፎ፣ ኮሚቴውና አመቻቿ ይፈርሙበት፤ በቃል የተነገረ ነገር በመጋቢት አይታወስም።

አንድ ነገር ደግሞ እለምንሻለሁ። ሞግዚቷን አትርሷት። እኔ የታመምሁ ቀን ልጆቹን የምትይዘው እርሷ ናት፤ ልጆቹ የረጠበ ልብሳቸውን ይዘው የሚሄዱትም ወደ እርሷ ነው፤ በብዙ ቦታ ግን ክፍያዋ የእኛ ሲሶ እንኳ አይሆንም። በውሉ ላይ የእርሷም ስም ይግባ።